ለክቡር ሪድሚ ፋይል፦ የዶላር ምልክቱን ጉዳይ ይመለከታል

ለ፦ ክቡር ሪድሚ ፋይል (የፕሮግራሙን ምንነትና አጫጫን የሚያስረዳው የመግቢያ ጽሑፍ)፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው በየኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቱ ደጃፍ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለጀማሪ የሚሆን የአጫጫን ማብራሪያ እንዲጨመር ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በባሕር ዳር ኮድ ለመልመድ የምንፍጨረጨር ወገኖች ለክቡርነትዎ ያለንን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽን አንድ አቤቱታ ይዘን ቀርበናል። ክቡርነትዎ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየሶፍትዌሩ ደጃፍ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ የኖሩ፣ ሊኑክስ በ1991 ብቅ ሲልና የኮድ ማከማቻው ጊትሀብ በ2008 በሩን ሲከፍት አንጋፋ ሆነው የጠበቁ ባለማዕረግ ነዎት። ይህን ያህል ዘመን በር ላይ የቆመ፣ የሚመጣው እንግዳ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሳያውቅ አይቀርም ብለን ነበር።

የሆነው ግን እንዲህ ነው። በቅርቡ አንዲት የፖሊ ካምፓስ ጀማሪ ተማሪ ሐይቁ ዳር ካሉት ጭማቂ ቤቶች በአንዱ ተቀምጣ፣ የክቡርነትዎን የአጫጫን መመሪያ አንዲት ምልክት ሳታጎድል ገልብጣ ተርሚናሉ (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ለጠፈችው። ሳታጎድል ማለታችን፣ በመስመሩ መጀመሪያ ያኖሩትን የዶላር ምልክት ጭምር ነው። ተርሚናሉም ዶላር የሚባል ትእዛዝ እንደማያውቅ ባጭሩ ነግሮ አሰናበታት። ልጅቱ አጠገቧ ወደነበረው አንጋፋችን ዞራ፣ «ጋሼ፣ ነጻ ነው አላላችሁም እንዴ? ዶላሩ የሚከፈለው የት ነው?» አለች። ማናችንም አልሳቅንባትም፤ በዚህ አገር የዶላር ነገር ሲነሣ አይሳቅም። ምልክቱ ተርሚናሉ ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን የሚያሳይበት የራሱ ምልክት እንደሆነና የሚጻፈው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ አላስፈለገም። ክቡርነትዎ ያቺን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደሚሰስቷት ግን ሊገባን አልቻለም፤ የቦታ እጥረት ነው እንዳንል፣ በአናትዎ ላይ ባለቀለም ባጆች ደርድረው ሲያበቁ ሌላ ሁለት የሚያስገባ ቦታ ተርፎዎታል።

ከዚያ ዝቅ ብለው «ቅድመ ሁኔታ» በሚለው ርዕስ ሥር «ዶከር» የሚል አንድ ቃል፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከነሚያስፈልጋቸው ሁሉ አሽጎ የሚያስኬደውን ሶፍትዌር ስም፣ ጽፈው ያልፋሉ። ያ አንድ ቃል ሲወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት እንደሆነ፣ ለእኛ ደግሞ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ እንቅልፍ መሠዋት ማለት እንደሆነ ማንም አልነገረዎትም መሰለን። ቀጥለውም የፕሮጀክቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አንሥቶ በሙሉ እንድናወርድ ያዙናል። ፕሮጀክቱን የሚያወርደው ትእዛዝ፣ ጊት ክሎን፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ማውረዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ከሄደ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል፣ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። በትእዛዙ ላይ «ዴፕዝ 1» የምትባለውን አማራጭ ቢጨምሩልን ኖሮ ታሪኩ ቀርቶ የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ይወርድልን ነበር። ዘጌ መሄድ ለሚፈልግ እንግዳ «ከጀልባው ወርደው ዳገቱን ይውጡ» ብሎ ጀልባው ከየት እንደሚነሣ የማይናገር ሰው ቢኖር፣ እርስዎን ይመስል ነበር። (ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ያበቃውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን 2ን ዛሬም «ይጫኑ» የሚሉት የሥጋ ዘመዶችዎ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚሻ እዚህ አናነሣውም።)

አቤቱታችን ለነቀፋ ብቻ እንዳይመስል፣ ክቡርነትዎ በግርጌዎ «አስተዋጽኦዎን በደስታ እንቀበላለን» ብለው ባወጁት መሠረት ጉድለቱን በራሳችን እጅ ለመሙላት ሞክረናል። የማረሚያዋን የእርሳስ ምልክት ተጭነን፣ ፕሮጀክቱ በስማችን ፎርክ ተደርጎልን (ቅጂው ተሠርቶልን)፣ ስለ ዶላሩና ስለ ዴፕዝ አጫጭር አንቀጾች ጽፈን ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለውጣችንን ተቀበሉን የሚል ጥያቄ፣ አቀረብን። የተቀበለን ሮቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው፤ አንደኛው መስመር ከ80 ቁምፊ ማለፉን ገልጾ ቀይ ምልክት ሰጠን። አሳጠርነው። ሌላ ሮቦት ደግሞ የአስተዋጽኦ አድራጊ ውል ካልፈረምን ሥራችን እንደማይታይ አስታወቀን፤ ስለ ዶላር ምልክት ለጻፍናት አንቀጽ ውል ፈረምን። ከዚያ ፕሮጀክቱን ከሚጠብቁት ባለሟሎችዎ አንዱ ብቅ ብለው «ይህ እኮ ግልጽ ነው፤ ማን ይጠፋዋል?» የሚል አስተያየት አኑረው ሄዱ። ማን እንደሚጠፋው በትሕትና አስረድተን መልስ ስንጠብቅ የመጣው ስቴል የሚባለው ሮቦት ነበር። የዚህ ሮቦት ልማድ 60 ቀን እንቅስቃሴ ያልታየበትን ጉዳይ ማስጠንቀቅ፣ ከዚያም 7 ቀን ታግሦ መዝጋት ነው፤ እንደ ልማዱ ዘጋው። እንቅስቃሴው የጠፋው ማን ዝም ስላለ እንደሆነ የሚጠይቅ ሮቦት ገና አልተሠራም።

ጉዳዩ የእርስዎ ቤት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው የኦፕን ሶርስ ዳሰሳ፣ መልስ ከሰጡት 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት ሰነድ የተስፋፋ ችግር መሆኑን ተናግረዋል፤ ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ 60 በመቶው ግን ሰነድ የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው፣ ወይም ጨርሶ አይጽፉም። እንግዲህ የሚያማርረው ብዙ ሆኖ የሚጽፈው ጥቂት ከሆነ፣ ሊጽፍ የመጣውን በውልና በቁምፊ ቆጠራ መመለስ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ጉድለቱ የሚታየው ለተደናቀፈ ሰው ነው፤ ለእሱም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ያቺ የፖሊ ተማሪ ዛሬ ዶላሩን አታየውም፤ ዓይኗ ለምዶት ያልፈዋል፤ ከዓመት በኋላ «ይህ እኮ ግልጽ ነው» የምትለው እሷ ብትሆን አይግረምዎት። ባለሟሎችዎ እንድትጽፍ የሚፈቅዱላት ሁሉን ካወቀች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን ጠፍቷት እንደነበር አታስታውስም። «ጉድ ፈርስት ኢሹ» (ለመጀመሪያ የሚሆን ሥራ) የሚል ምልክት ለጥፈው ለጀማሪ ያቆዩልንን ሥራ ስንከፍተው፣ ባለሟሎችዎ ራሳቸው ሲሸሹት የከረሙት የሜሞሪ ሊክ (ፕሮግራሙ የያዘውን ሜሞሪ ያለመልቀቅ ችግር) ሆኖ ማግኘታችንንም በዚሁ አጋጣሚ እናስታውቃለን።

ስለሆነም ክቡርነትዎ የዶላር ምልክቱን ከትእዛዞቹ ፊት እንዲያነሡልን ወይም ምንነቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲነግሩልን፣ ከዶከር አጠገብ መጠኑን እንዲጽፉልን፣ ስለ ዴፕዝ ያቀረብነው አንቀጽም በድጋሚ ተከፍቶ ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያነበው እንዲያደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ባጆቹን እንዲያነሡ አንጠይቅም፤ ያምሩብዎታል።

ከሰላምታ ጋር
የጣና ዳር ጀማሪዎች

ግልባጭ፦
ለመስመር ርዝመት ተቆጣጣሪው ሮቦት፤ ከ80 ቁምፊ በላይ ስለሄድን ይቅርታ እየጠየቅን
ለስቴል ሮቦት፤ እስከ 60 ቀን ድረስ እንዲያውቁት