ዘንድሮም ይወጋ ወይስ ይቆይ?

ክርክሩን የጫረው ባጃጅ ነጂው ነው። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። ልጁ ቡቺ የሚባል ውሻ አለው። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወግቶታል። ካርዱ ላይ ዘንድሮ ይመለስ ተብሎ ተጽፏል። አሜሪካ ያለው ወንድሙ ግን በስልክ «በየዓመቱ ምን ያመላልስሃል? እኛ እዚህ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የምናስወጋው» ብሎታል።

«ታዲያ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቼ ልውሰደው ወይስ ይቅር? ደሞ በየዓመቱ ና የሚሉት ብር ለመልቀም እንዳይሆን» አለ።

ጡረታ የወጡት መምህር ቀደሙ። «ወንድምህ ልክ ነው። ሰውነት ጠላቱን አንዴ ካወቀ በዓመቱ አይረሳም። አንተ ራስህ ኩፍኝ በየዓመቱ ትከተባለህ?»

«ቲቸር፣ እኔን ከቡቺ ጋር አንድ አደረጉኝ?»

ሳቅ ሆነ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት የውሻ በሽታዎች በቡችላነቱ በደንብ የተከተበ ውሻ ለብዙ ዓመት እንደሚጠበቅ በጥናት ታይቷል አሉ። የዓለም የእንስሳት ሐኪሞችም ለእነዚህ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ደጋግማችሁ አትውጉ ይላሉ። አንብበው ነው የመጡት፣ ያስታውቃል።

የቤቱ እመቤት ጀበናውን እያወረዱ «የኔ ውሻ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ምን ሊነክሰው?» አሉ።

ሐጂ ከወዲያ ጥግ ቀበል አደረጉ። «ጅቡ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አንቺን አስፈቅዶ ነው እንዴ የሚገባው?»

እዚህ ላይ ነው ሲስተር የገቡት። ስንት ዓመት በነርስነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፣ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተዋል። «እናንተ በሽታውን አላያችሁትም» አሉ። «እኔ ውሃ ጠምቶት፣ ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው የሚታነቅ ልጅ አይቻለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም። ድሮ ደግሞ የተነከሰ ሰው ከበግ አንጎል የሚሠራውን መርፌ 14 ቀን ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ያንን ያየ ሰው ለውሻው በዓመት አንዴ አይሰስትም።»

«እኛ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ እናጥባለን፣ አንዱን በአፈር» አሉ ሐጂ። «የነከሰውንስ፣ ሲስተር?»

«በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ። ቁስሉን ሳያስሩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።»

የቤቱ እመቤት ገጠር ያሉ አንድ ሥር የሚሰጡ ሰው ሊጠቅሱ ጀምረው ነበር። የሲስተር ፊት ሲለወጥ ተዉት።

ቶናው እስኪያልቅ ግማሹ ከመምህሩ፣ ግማሹ ከሲስተር ጋር ቆመ። ልጁ እንዳመጣው ጥያቄውን ይዞ ወደ ባጃጁ ሄደ።

የኔን ልበል። መምህሩ ስለ ፓርቮና ዲስቴምፐር ያሉት እውነት ነው። ግን የቡቺ ካርድ ላይ ያለው የእብድ ውሻ ክትባት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፈለቋቸው። ወንድምየውም ቢሆን ግማሹን ነው የተናገረው። አሜሪካም ቢሆን የመጀመሪያው መርፌ ቡችላው ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ይሰጣል፣ ከዚያ በዓመቱ ይደገማል። ወደ ሦስት ዓመት የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም የክትባቱ ብልቃጥ ላይ ለሦስት ዓመት ተብሎ ከተጻፈ። ቡቺ የተወጋው አንዴ ብቻ ነው። በወንድሙ አገር ሕግም ቢኬድ ዘንድሮ መወጋት አለበት! አንድ ሰዓት ሙሉ ስንከራከር «ስንተኛው መርፌ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዘንድሮ በኋላስ? እዚህ ደሴ የምንኖር ሰዎች በየዓመቱ ብናስወጋ ይሻላል ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ጠፍቷል ተብሎ በ2007 እ.ኤ.አ. ታውጇል። እነሱ የሚፈሩት የሌሊት ወፍና የዱር አውሬ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ውሻ ግን በየማታው ያልተከተበ ውሻ ያገኛል። ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መብራት ሲሄድ ፍሪጁ እንዴት እንዳደረ እኔና አንተ አናውቅም። አንዱ ዓመት ላይ መርፌው ደክሞ ቢሆን የሚቀጥለው ዓመት ይደግፈዋል። በሦስት ዓመት አንዴ ካልን ግን ያ ደካማ መርፌ ሦስት ዓመት ሙሉ ያታልለናል። ለማንኛውም ስትሄዱ የክትባቱን ስምና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ካርዱ ላይ አስጽፉ። ቀኑ የሚጠፋባችሁ ከሆነ መስቀልን ያዙ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ነው።

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መግደልን እንደ መፍትሔ የሚያነሱም አሉ። አልስማማም። የሞቱት ቦታ ላይ ሌሎች ይመጣሉ፣ የሚመጡትም ያልተከተቡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው እንዲቆም ከውሾቹ 70 በመቶው ይከተቡ ይላል። ይህ ቢሆን እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ለቀሩት ቀይ ቀበሮዎችም ይተርፋል። ባሌ ውስጥ ዘመዶቻቸውን በተደጋጋሚ የፈጀው ከእረኛ ውሻ የመጣው ይኸው በሽታ ነው።

የቤቱ እመቤት እስካሁን «የኔ ውሻ አይወጣም» እንዳሉ ናቸው። ጅቡን ለሐጂ ልተወው። ግቢያቸው ግን ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚጫወትበት ነው፣ ውሻቸውንም አንገቱን አቅፈው ነው የሚጎትቱት። እብደት ያለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። እኔ ብሆን ከቡቺ በፊት የእሳቸውን ውሻ ነበር የምወስደው። ልጁ ዘንድሮ ሲሄድ ባጃጁ ላይ ለሁለቱም ቦታ አለው።