ከጎጃም ውጪ ቤት የሌላት እንቁራሪት

ጎጃም ሲባል ጤፉ፣ ማሩ፣ ቅኔው፣ ዓባዩ ይነሳል። እንቁራሪት ግን ማንም አያነሳም። መነሳት ነበረባት፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ከጎጃም ደጋ በቀር ሌላ ቦታ የማትገኝ እንቁራሪት አለችን።

ሳይንሳዊ ስሟ ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ግራንዲሰን የተባሉ ብሪታንያዊት ተመራማሪ መዘገቧት፤ ስሟም የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ሲያጠኑ ለኖሩት ለዴሪክ ያልደን መታሰቢያ ነው። ወገኗ የዛፍ እንቁራሪቶች ቢሆኑም እሷ የምትኖረው ጅረት ዳር ባለው ሳር ውስጥ ነው። በእርሻ በተከበቡ ሸለቆዎችም ተገኝታለች። ከገበሬው ጋር መኖር አላቃታትም ማለት ነው፤ የምትፈልገው ውሃው ዳር ያለችውን ጠባብ ሳር ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ እሷኑ ሳር እየጨረስናት ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች፣ እነ ጨሞጋን፣ እነ ሙጋን፣ ወደነሱ የሚገቡትንም ትንንሽ ጅረቶች ተከትላችሁ ብትሄዱ፣ ማሳው እስከ ውሃው አፍ ታርሶ፣ ክረምት ሲገባ ዳሩ እየተናደ አፈሩ ጅረቱን ሲሞላው ታያላችሁ። ያልታረሰው ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከስሩ ሳር እንደልብ አይበቅልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ኬሚካሉ ነው። ድንቹና ስንዴው ተረጭቶ ሲያበቃ መርጫው እዚያው ጅረት ውስጥ ይታጠባል። እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፣ በቆዳዋ ነው የምትመጠው፤ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ውሃው ውስጥ የገባ ኬሚካል በቀላሉ ወደ ሰውነቷ ሊገባ ይችላል። ደግሞ ከታች ያ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል፣ ከብትም ይጠጣዋል።

ገበሬው መሬት እንደጠበበው አውቃለሁ። ባሕር ዛፍ ልጅ ያስተምራል፣ ቤት ያሠራል፤ ንቀሉት የሚል ሰው እኔም አልሰማውም። ግን ውሃው ዳር ጥቂት እርምጃ ሳይታረስ ቢቀር፣ ሳሩ እየታጨደ ለከብት ይሆናል፣ ዳሩም አይናድም። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ስለ እርከን የሚያስተምሩትን ያህል ስለዚህም ቢያስተምሩ፣ መርጫው ከጅረት ርቆ እንዲታጠብም ቢነግሩ ምን ይከብዳል?

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚያው ነው። ተማሪዎች በክረምት ማታ ባትሪ ይዘው፣ ድምጿን እየቀዱ፣ በየትኛው ጅረት እንዳለች ይመዝግቡልን። የትኛው ዳር ቀድሞ ይጠበቅ የሚለው የሚወሰነው ያኔ ነው።