ላብራቶሪ በነፃ የሚያገለግለው የማን ልጅ ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አባት፣ ልጁ «ሰመሩን ሪሰርች ልሠራ ነው» ስትለው ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ «ስንት ይከፍሉሻል?» ነው። በዚህ የሚስቁ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ግን አባትየው ዋናውን ነገር የያዘ ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ የተመራማሪነት መንገድ የሚጀምረው የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይያዝ ነው። ለዶክትሬት ሲያመለክቱ ውጤት ብቻውን አያስገባም፤ «አብራኝ ሠርታለች» ብሎ የሚመሰክር ፕሮፌሰር ያስፈልጋል። ምስክርነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለወራት በነፃ በማገልገል ነው። የሐኪም ልጅ ይችለዋል። ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንግ እየሠራች የቤት ኪራይ የምታግዝ ልጅ ከየት አምጥታ?

ማርክ የተባለው ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተቋቋመ ነበር። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤንአይኤች፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምርምሩ ዓለም ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ወገኖች ለመጡ ተማሪዎች እየከፈለ ምርምር ያስተምርበት ነበር። በ2025 ግን የትራምፕ አስተዳደር ብዝኃነትን በሚመለከቱ ሥራዎች ላይ ዘመቻ ሲከፍት ማርክና መሰሎቹ ተዘጉ።

«ዘር እየለዩ መርዳት ፍትሕ አይደለም» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መልሱ ግን እዚሁ ሜሪላንድ አለ። ዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ለጥቁር ተማሪዎች የጀመረውን የማየርሆፍ የሳይንስ ስኮላርሺፕ ፕሮግራም በ1996 ለሁሉም ዘር ከፈተው፤ ውጤቱም አልደበዘዘም። ወደ ፕሮግራሙ የገቡት፣ ተቀባይነት አግኝተው ሌላ ቦታ ከሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወደ ዶክትሬት የመዝለቅ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ለሞደርና የኮቪድ ክትባት መሠረት የሆነውን ጥናት ከመሩት አንዷ ኪዝሜኪያ ኮርቤትም የዚሁ ፕሮግራም ልጅ ናት። አሠራሩ ካላማረ ማረም ይቻል ነበር፤ መዝጋት ሌላ ነገር ነው።

በሕዝብ ጤና ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚህ ጥያቄውን የሚያወጣው ሰው ማንነት መልሱን ይለውጠዋል። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሥጋ በሉ?» የሚል የአመጋገብ መጠይቅ እንውሰድ። በሁዳዴ የተጠየቁ እናት «ምንም» ይላሉ። በፋሲካ ሰሞን ቢጠየቁ ሌላ ሴት ይመስላሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ የዓመቱን እኩሌታ ገደማ ይሆናል። ስኳር ያለባቸው እናት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ፣ መድኃኒቱን መቼ እንደሚውጡ መጠይቁ አያውቅም። እዚያ ቤት ያደገች የ20 ዓመት ተማሪ ግን ወረቀቱን ገና ስታየው «ይሄማ አይሆንም» ትላለች። ያውም እኛን ብዙው መዝገብ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ከቶ ነው የሚቆጥረን፤ ስለ ደም ግፊታችን ለብቻው ቢጠየቅ መልስ አይገኝም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ተመራማሪ ገንዘብ ማግኘትም ቀላል አይደለም። በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሌላው ነገር ተመሳሳይ ሆኖም የጥቁር አመልካቾች ከኤንአይኤች ገንዘብ የማግኘት ዕድል በ10 የመቶኛ ነጥብ እንደሚያንስ አሳይቷል። በ2019 የተከተለው ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱ የሚመርጡት ርዕስ መሆኑን አመለከተ፦ ማኅበረሰብንና የጤና ልዩነትን የሚመለከቱ ርዕሶች ከሴልና ከሞለኪውል ያነሰ ድጋፍ ያገኛሉ። ስለዚህ ከላይ ያለው በር ጠባብ ሆኖ ሳለ የታችኛውም ተዘጋ ማለት ነው።

የሙያ ማኅበሮቻችን በየዓመቱ ሆቴል ተከራይተው እራት ያዘጋጃሉ፤ ለጎበዝ ተማሪም ሰርተፍኬትና ትንሽ ቼክ ይሰጣሉ። ፎቶው ያምራል። ያንኑ ገንዘብ አጠራቅመው ለሁለት ልጆች የአንድ ሰመር ሙሉ ደመወዝ ቢከፍሉና ከማኅበሩ አባላት አንድ ተመራማሪ ላብራቶሪው ውስጥ ቢቀበላቸው ይሻላል። ብዙዎቹ የሰመር ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ጥርና የካቲት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ መኖሩ ከገና በፊት መታወቅ አለበት።