ማስተካከያ፦ ሜርኩሪ በሎሚ አይለቅም
ለአቃቂ አካባቢ ዓሣ ሻጮችና ተመጋቢዎች ባወጣነው መመሪያ «ቆዳውና ስቡ ተገፎ፣ ሥጋው በሎሚ ታሽቶ በደንብ ከተጠበሰ ሜርኩሪው ይቀንሳል» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዓሣ ውስጥ የሚከማቸው መርዛማ የሜርኩሪ ዓይነት፣ ሜቲል ሜርኩሪ፣ የሚጣበቀው ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ነው፤ ሎሚም የጋለ ዘይትም አያላቅቀውም። እንዲያውም ሲጠበስ ውሃው ስለሚተን በእያንዳንዱ ጉርሻ ያለው መጠን ከፍ ይላል። ሽታውም ሆነ ቀለሙ አያሳብቅም።

ለውጥ የሚያመጣው የዓሣው ምርጫ ነው። ከአንድ ውሃ ቢወጡም፣ ሌላ ዓሣ እየበላ ያረጀ ትልቅ አምባዛ፣ ዋቅላሚ (አልጌ) ከሚበላ ትንሽ ቆሮሶ ይበልጥ ያከማቻል።

በተለይ ነፍሰ ጡሮች ልብ በሉ፤ ለጽንሱ ሲባል የተቀመጠው ሳምንታዊ ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን 96 ማይክሮግራም ይሆናል። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም (500 ማይክሮግራም) ሜቲል ሜርኩሪ ካለበት ዓሣ 192 ግራም ብቻ ይሞላዋል።