«ፈረንጅ ቁጥር 4» የሚል ካሴት ነበረን

ከፋሲካ በኋላ ጅማ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ኬኩ ተቆርጧል፣ ትልልቆቹ ሰዎች ተሸኝተዋል፣ ዲጄው ለወጣቶቹ የሚሆነውን እየደረደረ ነው። መሀል ላይ ምን እንደታየው አላውቅም፣ አንድ የድሮ ዲስኮ ለቀቀ። ኮሮና በሚል ስም የተዘፈነው «ዘ ሪትም ኦፍ ዘ ናይት» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው። እኔና የልጅነት ጓደኞቼ፣ አራት ባለ ቦርጭ ሰዎች፣ ሳንጠራራ ከወንበር ተነሳን። አንዱ ጉልበቱን ያመዋል። እሱም ተነሳ።

ጨርሰን ላባችንን ስንጠርግ የሙሽራው ታናሽ ወንድም መጣ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ የፈረንጅ ጩኸት እንዴት ነው ትዝታ የሚሆናችሁ? ለትዝታ ትዝታ የሚባል ቅኝት አለን አይደል?» አለኝ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ከነከነኝ። ልመልስለት ስል ሙሽሮቹ ሊሄዱ ነው ተባለና ሁሉም ተበተነ። መልሱ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከዘመኑ ልጀምር። ዘጠናዎቹ ስንል ከፈረንጆቹ ጋር አንግባባም። የእነሱ ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ እኛ ገና ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነን። የሀዳዌይ «ዋት ኢዝ ላቭ» በ1993 ወጣ፣ በእኛ 1985 መሆኑ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ በ1989 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘፈኑ ያንን መንገድ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። ቡና ጭኖ የሄደው መኪና ሲመለስ ከጋቢናው አንድ ሁለት ካሴት ይወርዳል። ለእረፍት የመጣ የኮሌጅ ተማሪ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማን ጋ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ካሴት ቤታችን ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ነበር፣ ከነስሙ። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ። ባለቤቱ፣ ጋሼ ነበር የምንለው፣ ባለ ሁለት አፉ ቴፕ ላይ ይቀዳልሃል፣ በማግስቱ መጥተህ ትወስዳለህ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስኪርቢቶ «ፈረንጅ ቁ. 4» ብሎ ይጽፍበታል። በቃ። የዘፋኝ ስም የለ፣ የዘፈን ርዕስ የለ። ቁጥር 3 ላይ ቦብ ማርሌ ነበር። ጋሼ ዘንድ ቦብም ፈረንጅ ነው።

ስም ስላልነበራቸው ስም አወጣንላቸው። የአይፍል 65ን «ብሉ» «ዳባዲ» አልነው። የዳሩድ «ሳንድስቶርም» ቃል የለውም፣ ስለዚህ «ሳይረኑ» ሆነ። የሮበርት ማይልስ «ችልድረን» ደግሞ «የፒያኖው» ነበር። እስከ ዛሬ ጓደኞቼ በእነዚህ ስሞች ነው የሚጠሩት። ትክክለኛውን ብትነግራቸው እንኳ አይሰሙህም።

መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል) ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። የጅማ ክረምት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ምድጃ ዳር ደብቀን እናስቀምጠዋለን፣ እናቴ ስታየው ታባርረናለች። ሞቅ ያለውን ድንጋይ መልሰን ስንከት ካሴቱ አንድ ሁለት ዘፈን ይዘፍንና መጎተት ይጀምራል። በደቂቃ 136 ጊዜ የሚመታው «ሳይረኑ» ቀስ ይላል፣ ቀስ ይላል። በሌላው ዘፈን ላይ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆናለች። ከበሮው እንደደከመ በቅሎ እግሩን ይጎትታል። ያኔ ጭፈራው ይቀርና ጭራሽ እንጉርጉሮ ይሆናል። ትዝታ የሚባል ቅኝት አለን ላልከኝ ልጅ፦ በደከመ ድንጋይ አንዴ ስማው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «የፈረንጅ ጩኸት» የሚለው ላይ።

ይሄ ሙዚቃ ከየት መጣ? ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ዌርሀውስ የሚባል ጭፈራ ቤት ተከፈተ። ሙዚቃ የሚያጫውተው ፍራንኪ ነክልስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሀውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ስም ነው። ቴክኖ የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ደግሞ ዲትሮይት አጠገብ ቤልቪል በምትባል ከተማ አብረው የተማሩ ሦስት ጥቁር ልጆች አስጀመሩት፦ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳውንደርሰን። ዕቃቸው የረባ አልነበረም። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቲቢ 303 የምትባል ትንሽ ማሽን ሠርቶ ነበር፣ ቤዝ ጊታር የምትተካ ተብላ። ገበያ ላይ ወደቀች፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ምርቷ ቆመ። የቺካጎ ልጆች ያገለገለችውን በርካሽ ገዝተው ቁልፎቿን ሲያጣምሙ ማንም ያላሰበው ድምፅ አወጡባት። ከተጣለ ዕቃ ሥራ መፍጠርን ጅማ መርካቶ ያደገ ሰው ለማንም አያስረዳም።

ከዚያ ነው ነገሩ ባሕር ተሻግሮ የጀርመንና የጣሊያን ስቱዲዮ የገባው። እኛ ጋ የደረሰው ያ ነው። እሱንም ቢሆን እነማን ዘፈኑት? ሀዳዌይ የተወለደው ትሪኒዳድ ነው። ጅማ ያበደበት ዶክተር አልባን ናይጄሪያዊ ነው። ስዊድን ሄዶ የጥርስ ሕክምና ተማረ፣ የትምህርቱን ወጪ ለመሸፈን ስቶክሆልም ውስጥ ማታ ማታ ዲጄ ሆነ። ዶክተር የተባለው ለማሳመር አይደለም፣ የጥርስ ሐኪም ነው። «ፈረንጅ ቁ. 4» ላይ ከነበሩት ድምፆች አብዛኞቹ የጥቁር ሰው ድምፅ ናቸው። ካሴቱ ላይ የተጻፈው ስም ነው ያሳሳተን።

ስም ከተነሳ አይቀር፣ ስም የነፈገው ጋሼ ብቻ አልነበረም። ሠርጉ ላይ ያስነሳንን ዘፈን ውሰዱ። ቪሲዲ ሲመጣ ኮሮናን በምስል አየናት፣ ቆንጆ ብራዚላዊት፣ ስሟ ኦልጋ ሶውዛ። ጓደኛዬ ፎቶዋን ደብተሩ ላይ ለጥፎ ነበር። የሚሰማው ድምፅ ግን የእሷ አይደለም። የዘፈነችው ጄኒ ቢ የምትባል ጣሊያናዊት ናት፣ ሙሉ ስሟ ጆቫና ቤርሶላ። አሜሪካ ውስጥም ማርታ ዋሽ የምትባል ዘፋኝ ትልልቅ የጭፈራ ዘፈኖችን ዘፍና ቪዲዮው ላይ ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሌሎች፣ ቀጠን ያሉ ሴቶች ነበሩ። እሷ ዝም አላለችም፣ ከሰሰች። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የጨፈርኩበትን ድምፅ ባለቤት አለማወቄ እንደ ዕዳ ከበደኝ።

«የፒያኖው»ም ታሪክ አለው። በጣሊያን ቅዳሜ ሌሊት ከጭፈራ ቤት ወጥተው በመኪና አደጋ የሚሞቱ ወጣቶች በዝተው ነበር። ሮበርት ማይልስ ያንን ለስለስ ያለ ዜማ የሠራው አንድም ለእነሱ ነው፣ ሌሊቱ ሲያበቃ ልባቸው ረግቶ ወደ መሪው እንዲሄዱ። አባቱ ከዩጎዝላቪያ ጦርነት ያመጧቸው የሕፃናት ፎቶዎችም ነበሩበት። እኔ ግን ለማትሪክ ሳጠና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ነበር የምሰማው። ስለ ጦርነቱም ስለ አደጋውም ማንም አልነገረኝም። ግን አንድ ሰው እየተጨነቀ እንደሠራው ይሰማ ነበር። ምናልባት አሁን ስላወቅኩ ይሆናል እንዲህ የምለው።

ልጁ አንድ ነገር ላይ ግን ይዞኛል። ያኔ አራዳነት ማለት የውጭ ዘፈን መስማት ነበር። ክፍላችን ውስጥ የአሊ ቢራን ካሴት ቦርሳው ውስጥ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር። «ፋራ» እንለው ነበር። ጅማ ላይ፣ በአሊ ቢራ! ያ ልጅ ዛሬ ቢያገኘኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ችክችካችን በሦስት በሦስት እየረገጠ ሲሄድ ሰምተን አድገን፣ በአራት በአራት የሚደልቀውን ብቻ ሥልጣኔ ያደረግነው እኛ ነን። የቺካጎ ልጆች የሰፈራቸውን ነገር አልናቁም።

ከጓደኞቼም ጋ ጠብ አለኝ። ሠርጉ ላይ «የዛሬ ልጆች ሙዚቃ የላቸውም፣ ድሮ ቀረ» ሲሉ ነበር። ኧረ ተዉ። «ፈረንጅ ቁ. 4»ን አስታውሰን እንነጋገር። ግማሹ ተራ ነገር ነው። ቬንጋቦይስን ዛሬ ልስማ ብል ሁለት ደቂቃ አልዘልቅም። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ የአገር ቤቱን ድምፅና የኮምፒውተሩን ምት አንድ ላይ አስቀመጠው። እኛ አንዱን ከአንዱ ሳንመርጥ መስማት አልቻልንበትም ነበር። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ጆሮ ይሰማል፣ ማንም ፋራ አይለውም። ደግሞ የዘፋኙንም የአቀናባሪውንም ስም በቃሉ ያውቃል።

የሠርጉ ዕለት ማታ፣ ዕቃ ሲጫን ወደ ዲጄው ሄድኩ። ላፕቶፑን ገና አልዘጋውም። ያንን ዘፈን አሳየኝ አልኩት። ፋይሉን ከፍቶ አሳየኝ፦ «ኦልድ ፈረንጅ 04»። ሳቄ አመለጠኝ። ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ላስተካክለው ታዲያ?» አለ።

«ጄኒ ቢ በል» አልኩት። «ኮሮናን ከፈለግክ በቅንፍ ጻፋት።»