ለልቦለድ ጎረቤት ያፈሰስነው እንባ

ወገኖቼ፣ ልቦለድ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ታማ በሯን የሚያንኳኳ ስታጣ እናለቅሳለን። ደራሲው ጨክኖ ጨክኖ መጨረሻ ላይ አንድ ደግ ጎረቤት ይልክላታል፤ እኛም እፎይ ብለን መጽሐፉን እንከድናለን። ከግድግዳው ወዲያ ሌሊቱን ሲያስል የሚያድረውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አናውቅም። እሱን የሚያስታውስ ደራሲ የለም፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት።

ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ በዚያ ፍጥነት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ግድግዳ የሚጋራችሁ ሰው ግን በ1 ደቂቃ ይደርሳል። ደርሶ «የሰው ያለህ!» እያለ ቢጮህ ብቻ ምን ይረባል? ሲጠሩት የማይሰማ፣ በወጉም የማይተነፍስ ከሆነ አንዳችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ አንዳችሁ በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። መዳፍ በመዳፍ ላይ ደርባችሁ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ፣ የደረቱን መሃል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ተጫኑ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ አለዚያ ልቡ ደም አይሞላም። በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ የደከመ ክንድ ሳያውቀው ጫናውን ያሳንሳል። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ጎረቤት ያስፈልጋል፤ የተኳረፉ ቢሆኑም ግድ የለም።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ጎትቶ ሊያስለቅቅ የሚሮጥ ደግሞ አብሮ ይያዛል። መጀመሪያ ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። የጎረቤታችንን ገቢና ወጪ፣ ማን ገባ ማን ወጣ፣ አብጠርጥረን እናውቃለን፤ ማጥፊያው የት እንዳለ ግን አንጠይቅም! ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ የራሳችሁንም አሳዩት። ከቤቱ የጋዝ ሽታ ከመጣ ደወሉን አትጫኑ፣ መብራትም አትነካኩ፤ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። በሩን በእጃችሁ አንኳኩ።

ስለ ጩኸትና ስለ ቆሻሻ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልደግመውም።

ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ ምልክት ተስማሙ፦ መጋረጃው ጠዋት 3 ሰዓት ካልተከፈተ ይንኳኳል፣ መልስ ከጠፋ ይደወላል፣ ስልኩም ካልተነሳ በሩ በትርፍ ቁልፍ ይከፈታል። ቁልፉ ውሎው ቤት ከሆነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ በአብዛኛው ቁልፍ በውስጥ በኩል እንደተሰካ ካደረ ትርፉ ከውጭ አይገባም። ማታ ከቆለፉ በኋላ ነቅለው በሩ አጠገብ እንዲሰቅሉት ንገሯቸው፤ ሚስማሩንም እናንተው ምቱላቸው።