«ጥይት ለልምምድ አይባክንም» ላሉን ሰዎች

ባለፈው እሁድ በሰፈራችን የጸጥታ ስብሰባ ላይ የተወሰነው ነገር እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል። የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ሌብነቱ አስመርሮናል፣ ይሄን የሚክድ የለም። መፍትሔ ተብሎ የተወሰነው ግን ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የያዘ ነዋሪ ሁሉ ተራው ሲደርስ ታጥቆ ከሌሊት ሮንዱ ጋር ይውጣ የሚል ነው።

እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ሰዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ተኩስ የሚለማመዱበት ሁኔታ ይመቻቻል ወይ? ሰብሳቢው «ወንድሜ፣ ጥይት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ለልምምድ አይባክንም። ደግሞስ ሐበሻ ተኩስ ከማን ይማራል?» አሉኝ። ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ ቀጠለ፤ «ዋናው ጥይቱ ነው። ባለ 45 ከሆነ የትም ይምታው የት መውደቁ አይቀርም።» ለሱም ተጨበጨበ። (ባለ 45 የሚባለው የጥይቱ ውፍረት በኢንች መቶኛ ሲለካ ነው፣ በሚሊሜትር 11 ተኩል ገደማ ይሆናል።)

እኔ ሰባት ዓመት በጥበቃ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሽጉጥ የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ሰው ቤቱንና ልጆቹን ይከላከል፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን አውጥቶ መሣሪያውን አስመዝግቦ የያዘ ሰው ላይም ቅሬታ የለኝም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ተኩሶ የማያውቅን ሰው በጨለማ ሰው በተኛበት ሰፈር መሐል አሰማርቶ «ቀሪውን ጥይቱ ይጨርሰዋል» ማለት ነው።

እስቲ «የትም ይምታው ይወድቃል» ከሚለው እንነሳ። ይሄ ከፊልም የተለቀመ ወሬ ነው። ጥይት የመታውን ሰው አስፈንጥሮ የሚጥል ጉልበት ቢኖረው ኖሮ የተኮሰውም ሰው አብሮ በጀርባው ይወድቅ ነበር። የሽጉጥ ጥይት የሚሠራው ቀዳዳ ነው፣ ያውም ጠባብ ቀዳዳ። ባለ 9 ሚሊሜትሩና ባለ 45ቱ በውፍረት የሚበላለጡት በ2 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚህች ልዩነት ነው እንግዲህ «የትም ይምታው» የሚባለው! ሰው ባለበት ቀጥ የሚለው አንጎሉ ወይም በጀርባ አጥንቱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲመታ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ልቡን የተመታ ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ በቀረው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የ45 ዝና የመጣው የአሜሪካ ጦር ፊሊፒንስ ላይ ባለ 38 ሽጉጡ ደካማ ሆነብኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1911 ኮልት የሚባለውን ባለ 45 ሽጉጥ ከታጠቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፣ እኛ ግን ዛሬም እሱኑ እንደግማለን።

አሜሪካ ውስጥ ማያሚ ላይ የሆነውን የሰማ ሰው እንዲህ ባላወራ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1986 ስምንት የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) ባልደረቦች የሁለት ዘራፊዎችን መኪና አስቁመው ተታኮሱ። አንደኛው ዘራፊ በ9 ሚሊሜትር ጥይት ተመታ። ጥይቱ ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ፣ ሳንባውን ቀደደ፣ ልቡ ጋ ለመድረስ ሦስት ሴንቲሜትር እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው ቆመ። ሰውየው ግን አልቆመም። ለደቂቃዎች መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት ባልደረቦች ሞቱ፣ አምስቱ ቆሰሉ። እሱ እስኪወድቅ ድረስ በጠቅላላው 12 ጊዜ ተመትቷል።

አሜሪካኖቹም ያኔ እንደኛ ሰፈር ሰው ጥፋቱን ጥይቱ ላይ አላከኩ። ወደ ባለ 10 ሚሊሜትር ሄዱ። እሱ ሲተኮስ እጅን በኃይል ይመታል፣ ብዙው ሰው ሊቆጣጠረው አልቻለም። ከዚያ ቀለል ያለውን ባለ 40 ካሊበር ያዙ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ዞረው ዞረው እዚያው ወደ 9 ሚሊሜትሩ ተመለሱ። የጥይቱ አሠራር ተሻሽሏል፣ እሱ ልክ ነው። ግን ዋናው ምክንያታቸው ሰዎቻቸው በ9 ሚሊሜትሩ ፈጥነው ስለሚተኩሱና ይበልጥ ስለሚመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ሲያስረዱ ያሰፈሩት ቁጥር አለ። ፖሊሶች በእውነተኛ የተኩስ ልውውጥ ከሚተኩሱት ጥይት ከ70 እስከ 80 በመቶው ይስታል።

ይሄን ቁጥር እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት። አስር ከተተኮሰ ሰባቱ ወይ ስምንቱ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። ያውም ደመወዝ እየተከፈለውና በመንግሥት ጥይት እየተለማመደ ያደገ ፖሊስ ነው የሚተኩሰው።

ሌላ ቦታ ማለት የት ነው? ስብሰባው ላይ ይሄን የጠየቀ አልነበረም። እኛ ሰፈር አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሲሻል ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት። ጥይቱስ ምን ዓይነት ነው? በሌላው ዓለም ብዙ ፖሊሶች የሚይዙት ጫፉ የተቦረቦረውን ነው። ያ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይከፈትና እዚያው ይቀራል፣ ከኋላ ወዳለው ሰው እንዳያልፍ ተብሎም ነው የሚመረጠው። በጦርነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1899 ሄግ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል፣ ለፖሊስ ግን አልተከለከለም። እኔ በሰፈራችን ያየሁት ጥይት ሁሉ ሙሉ ለሙሉ በብረት የተለበጠው፣ የወታደሩ ዓይነት ነው። ይሄ አይከፈትም፣ አልፎ ይሄዳል። ኤፍቢአይ ጥይት ሲፈትን የሰው ሥጋ በሚመስል ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ገብቶ እንዲቆም ነው የሚፈልገው። የተለበጠው 9 ሚሊሜትር ግን 60 ሴንቲሜትርን አልፎ ይሄዳል። ይሄ ሰውን የመታው ነው። የሳተውንማ ማን ያቆመዋል?

አምና ክረምት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የሰፈራችን ሰው አጥር ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ወጣና ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ሌባ ይሁን ጅብ እስከዛሬ አልታወቀም። ሽጉጡ ማካሮቭ ነው፣ ያ «ደካማ ነው» ብለው የሚንቁት የሩሲያ ሽጉጥ። ጠዋት እንጀራ የምትሸጠዋ ጎረቤታችን ስትጮህ ደርሼ ገባሁ። ጥይቱ የአጥሯን ቆርቆሮ በስቶ፣ የሰርቪስ ቤቷን ቆርቆሮ በስቶ፣ በር ጥግ የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል። የልጆቿ ፍራሽ ከጀሪካኑ ሁለት ክንድ አይርቅም። ትንሿ ልጅ የነቃችው በተኩሱ አልነበረም፣ ውሃው ጀርባዋን ሲያቀዘቅዛት ነው።

በኋላ አጥሩ ሲቀየር ያችን ቁራጭ ቆርቆሮ ለምኜ ወሰድኩ። ጥይቱ በገባበት በኩል ቀዳዳው ድብልብል ያለ ነው፣ ትንሿ ጣቴ ልክክ ብላ ትገባበታለች። በወጣበት በኩል ብረቱ ወደ ውጭ ተቀዶ ተተርትሯል፣ እጅ ይቆርጣል። እዚያ ስብሰባ ላይ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ አንዴ ቢነካት ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን የባለ 45ቱ ሰውዬ ምን ሊለኝ ነው? ጥይቱ ቢተልቅ ያ ሰው ይመታ ነበር? አይመታም። እጁ ያው እጅ ነው፣ ጨለማውም ያው ጨለማ።

«ሐበሻ ተኩስ ከማን ይማራል» ለሚለው ደግሞ መልሱ ፉከራችን ውስጥ አለ። አባቶቻችን ሰውን ሲያወድሱ «ተኩሶ አይስቴ» ነበር የሚሉት። ጥይቱ ወፍራም ስለሆነ የተፎከረለት ጀግና እኔ ሰምቼ አላውቅም። ያ አይስቴ የተባለውም ሰው ከእናቱ ሆድ አነጣጥሮ አልወጣም። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር እያደነ፣ ከብት እየጠበቀ፣ እየሳተ እየተቆጡት ነው የተማረው። እኛ አብዛኞቻችን ከመሐል ከተማ ተነስተን ኮንዶሚኒየም ወጥቶልን ወይም በልማት ተነስተን የመጣን ሰዎች ነን። አያቴ ተኳሽ ስለነበር እኔም ተኳሽ ነኝ ማለት፣ አያቴ ቄስ ስለነበር እኔ ልቀድስ እንደማለት ነው።

ጥበቃ ስቀጠር በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ስምንት ጥይት ሰጡኝ። ዒላማው ሰባት ሜትር ላይ ነው፣ ከሳሎን ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ጸጥ ያለ ጠዋት ነው፣ የሚያባርረኝ የለም። ወረቀቱ ላይ ያረፉት ሦስት ነበሩ። አሠልጣኛችን የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ አልተቆጡኝም። ባዶ ሽጉጥ ሰጡኝ፣ አፈሙዙ አካባቢ ከላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጡበትና «ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳብ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት በቀን ግማሽ ሰዓት ይሄንኑ ሠራሁ። መጀመሪያ ላይ ሳንቲሙ በየሙከራው ይንሸራተታል። ጣቴ ሲጎትት እጄ በሙሉ አብሮ ይጎትት እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት። በሦስተኛው ሳምንት ከስምንቱ ሰባቱ ወረቀቱ ላይ አረፉ። ያው ሽጉጥ ነው፣ ያው ጥይት ነው።

እና ሰብሳቢያችን «ጥይት ይባክናል» ሲሉ እኚያ አሠልጣኝ ትዝ ይሉኛል። ከልምምዱ ትልቁ ክፍል ጥይት አይፈልግም። ጥይቱን ሌላ ክፍል ትቶ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ደጋግሞ አይቶ፣ አንድ ሳንቲም ይበቃል። ጥይት ውድ መሆኑን አምናለሁ። ጎረቤት ልጅ ላይ ያረፈ ጥይት ግን ስንት እንደሚያስከፍል ማንም አላሰላም።

ሌላም አለ። በደረቀ ሌሊት ሮንድ የሚወጣ ሰው ካፖርት ለብሶ ላዩ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው የሚወጣው። ሽጉጡ ከዚያ ሁሉ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴኒስ ቱለር የሚባል በአሜሪካ የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ ፖሊስ ቢላ የያዘ ሰው ሰባት ሜትር የማይሞላ ርቀት ሮጦ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ተኩል ገደማ እንደሚበቃው አሳይቷል። እስቲ አንዱ ጋቢውን ገልጦ፣ ካፖርቱን ከፍቶ፣ ሽጉጡን አውጥቶ፣ አቀባብሎ፣ አነጣጥሮ በዚያ ጊዜ ይጨርስልኝ። ያልተለማመደ ሰው ጋቢው ውስጥ ተጠምዶ የገዛ ጭኑን ይመታል።

ከስብሰባው ስንወጣ አንድ ጋሼ የምለው ጎረቤቴ ጥይቱን አሳየኝ። በመሐረብ ቋጥሮ ዘጠኝ ፍሬ ይዟል። ሽጉጡ ማካሮቭ ነው። ከዘጠኙ ሁለቱ የሌላ ሽጉጥ ጥይት ናቸው። ሁለቱም «ባለ 9» ይባላሉ፣ የማካሮቩ ቀለህ ግን 18 ሚሊሜትር ነው፣ ያኛው 19። ማካሮቩ ጋ አይሆንም። ከቀሩት ሰባቱ አንዱ ደግሞ ታችው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ጋሼ በዚህ ሽጉጥ ተኩሶ ያውቃል? አንድም ቀን። ተራው የፊታችን ሐሙስ ነው። አስቡት፣ ሌባው ፊቱ ቆሞ ሽጉጡ ነከሰ ወይም ጥይቱ ከሸፈ። ይሄን ሁሉ አንድ የልምምድ ጠዋት ያጋልጠው ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሽጉጥ ይዞ ሮንድ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ፖሊስ በሚፈቅደው የተኩስ ሜዳ፣ አሠልጣኝ ባለበት፣ በራሱ ወጪ ይተኩስ። ሰባት ሜትር ላይ ወረቀት መምታት ያቃተው ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎ ባትሪ፣ ፊሽካና ዱላ ይዞ ይውጣ፣ እሱም ሰፈር ይጠብቃል። ከሚያነጣጥርበት ነገር ኋላ የማን ቤት እንዳለ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይተኩስ። ይሄን መስማት የማይፈልግ ሰብሳቢ የልጆቻችንን ሌሊት በዕድል ላይ ጥሎታል፣ ይሄን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ጋሼን ትናንት ማታ ቤቱ ሄጄ ሁለቱን ባዕድ ጥይቶችና የሻገተውን ለይቼ አስቀመጥኩለት። ሐሙስ በሱ ፈንታ እኔ እወጣለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ይቀጥላል፣ ቆርቆሮዋን በጋዜጣ ጠቅልዬ በር ላይ አስቀምጫታለሁ።